ብቻችሁን በሸራ ጀልባ ስትወጡ የትኛውን የፊት ሸራ ትመርጣላችሁ? ለሐዋሳ ሐይቅ የሚሆን ዝርዝር መመሪያ

በሸራ ጀልባ ብቻውን የሚወጣን ሰው የሚያስጨንቀው ዋናው ሸራ አይደለም። ዋናው ሸራ ከምሰሶው ኋላ ነው፤ ገመዱም እጅ ስር ነው። የሚያስጨንቀው የፊት ሸራው ነው። እሱ የተሰቀለው ጀልባዋ አፍንጫ ላይ ነው፣ እናንተ ደግሞ ኋላ መሪው ጋ ናችሁ። ነፋሱ ሲበረታ ቶሎ መቀነስ ያለበትም ብዙ ጊዜ እሱ ነው። መሪውን ለቃችሁ ወደ ፊት ብትሄዱ ጀልባዋ አቅጣጫዋን ትስታለች። ካልሄዳችሁ ሸራው አይወርድም።

ስለዚህ ምርጫው ሁሉ በአንድ ጥያቄ ይለካ። ከመቀመጫችሁ ሳትነሱ፣ አንድ እጃችሁ መሪው ላይ እያለ፣ በሌላው እጅ የፊት ሸራውን መክፈት፣ ማዞርና መዝጋት ትችላላችሁ? ይህን የሚያስችል አሠራር ለእናንተ ጥሩ ነው። ፍጥነትና ውበት ከዚህ በኋላ ይምጡ።

የምጽፈው ከ4.5 እስከ 6.5 ሜትር ርዝመት ላላት፣ አንድ ምሰሶ ለተተከለባት ትንሽ ጀልባ ነው። ከዚያ በላይ ከሆነች ገመዱን በእጅ ብቻ መሳብ ይከብዳል፤ ዊንች (ገመድ ተጠምጥሞበት በእጀታ የሚሳብበት መሣሪያ) ያስፈልጋል፣ ሒሳቡም ይለወጣል።

በመሀል እንዳንደናገር ስሞቹን ልንገራችሁ። መስቀያ ገመድ የምለው ሸራውን ወደ ምሰሶው ጫፍ የሚያወጣውን ነው። መሳቢያ ገመድ ደግሞ የሸራውን የኋላ ጥግ ይዞ ወደ እናንተ የሚመጣው ነው። የፊት ሽቦ ከምሰሶው እስከ አፍንጫው የተወጠረው ነው፤ የፊት ሸራው የሚያያዘው እሱ ላይ ነው።

ደረጃ 1፦ መጀመሪያ ሐይቁን እዩ

የሐዋሳ ሐይቅ ከባሕር ጠለል 1,700 ሜትር ገደማ ከፍ ብሎ የተኛ ነው። ርዝመቱ 16፣ ወርዱ 9 ኪሎ ሜትር ያህል ይሆናል። ጥልቀቱ ትልቁ ቦታ ላይ ከ20 ሜትር ትንሽ ይበልጣል። ትልቅ የሚባል ሐይቅ አይደለም። ነገር ግን ነፋስ ሲነሳበት አጭርና ተደራራቢ ሞገድ ያወጣል፤ ትንሽ ጀልባን የሚያንገላታው ደግሞ እንዲህ ዓይነቱ ሞገድ ነው።

ጠዋት ውሃው ብዙ ጊዜ ጸጥ ይላል። ከምሳ በኋላ ነፋሱ ይነሳል። ይህ ለእናንተ ትልቅ ነገር ነው። በለስላሳ ነፋስ ትወጣላችሁ፣ ስትመለሱ የሚጠብቃችሁ ግን ሌላ ነፋስ ነው። ስለዚህ ለጠዋቱ የሚበቃና ለከሰዓቱ የሚቀነስ ሸራ ያስፈልጋችኋል። ቅነሳው ደግሞ ውሃው ላይ እያላችሁ፣ ያለ ረዳት የሚሠራ መሆን አለበት።

ሁለት የነፋስ እውነቶችን ልጨምር። አንደኛ፣ ሸራ ላይ የሚያርፈው ኃይል ከነፋሱ ፍጥነት ጋር እኩል አይጨምርም። ነፋሱ ከ15 ወደ 30 ኪሎ ሜትር በሰዓት ከፍ ሲል ፍጥነቱ እጥፍ ሆነ፣ ኃይሉ ግን አራት እጥፍ። ጠዋት ደስ ብሎ የሚጎትታችሁ ሸራ ከሰዓት በኋላ ጀልባዋን በጎኗ ሊያስተኛት የሚችለው ለዚህ ነው። ሁለተኛ፣ እዚህ ከፍታ ላይ አየሩ ከባሕር ዳር አየር ይሳሳል። በተመሳሳይ የነፋስ ፍጥነት የምታገኙት ግፊት ከ15 እስከ 20 በመቶ ይቀንሳል። አንዳንዱ ይህን ሰምቶ በጣም ትልቅ ሸራ ያሰፋል። እኔ አልስማማም። ከሳሳ አየር የምታተርፉትን አንድ ብርቱ ነፋስ መጥቶ ይወስደዋል።

ሸራ ከመግዛታችሁ በፊት ለጥቂት ቀናት ከሰዓት ላይ ፍቅር ሐይቅ ወይም አሞራ ገደል ዳር ቁጭ ብላችሁ ውሃውን ተመልከቱ። ነጭ አረፋ እዚህም እዚያም ብቅ ማለት ሲጀምር ነፋሱ በሰዓት ከ12 እስከ 19 ኪሎ ሜትር ገደማ ደርሷል። አረፋው ሲበዛ 20ን አልፏል። ከጀልባ ነጂዎቹም ጠይቁ። «ጋሼ፣ በዚህ ሰሞን ነፋሱ ስንት ሰዓት ላይ ይነሳል? ከየት በኩል?» ብትሏቸው የትኛውም የስልክ አፕ የማይነግራችሁን ይነግሯችኋል።

ደረጃ 2፦ ሜትር ይዛችሁ ለኩ

ጀልባዋ ደረቅ መሬት ላይ ቆማ፣ ከምሰሶው የፊት ገጽ እስከ የፊት ሽቦው ሥር ያለውን አግድም ርቀት ለኩ። ይህ ቁጥር የሁሉ መነሻ ነው። ከሽቦው በ90 ዲግሪ ተነስቶ እስከ ኋላ ጥጉ ያለው የሸራው ወርድ ከዚህ ቁጥር ጋር እኩል ከሆነ «100 በመቶ» ይባላል። ከ100 በታች ከሆነ ሸራው ምሰሶውን አይነካም። ከ100 በላይ ከሆነ ምሰሶውን አልፎ በዋናው ሸራ ጎን ይደርባል።

በምሳሌ እንየው። ከምሰሶው እስከ ሽቦው ሥር 1.6 ሜትር አገኛችሁ እንበል። የሸራው የፊት ጠርዝ ደግሞ 4.5 ሜትር ነው። 85 በመቶ የሆነ ሸራ ወርዱ 1.36 ሜትር ይሆናል። ስፋቱን ለማግኘት 4.5 በ1.36 አባዙና ለሁለት አካፍሉ፤ 3 ካሬ ሜትር ገደማ ይወጣል። 150 በመቶ ብታደርጉት 5.4 ካሬ ሜትር ነው። በወረቀት ላይ የ2.4 ካሬ ሜትር ልዩነት ቀላል ይመስላል። ነፋሱ ውስጥ ግን ያ ሁሉ ተጨማሪ ጨርቅ አቅጣጫ በቀየራችሁ ቁጥር ምሰሶውን እየታከከ ወደ ሌላው ጎን መተላለፍ አለበት። መሳቢያውን የሚለቅና የሚስብ፣ ሲያዝ የሚያላቅቅ ሰው ይፈልጋል። ያ ሰው እናንተ ናችሁ፣ መሪውም እጃችሁ ላይ ነው።

ለብቻ ከ85 እስከ 95 በመቶ ባለው ውስጥ ሁኑ። በጠዋቱ ነፋስ ትንሽ ትዘገያላችሁ። ይሁን።

ደረጃ 3፦ አሠራሩን ምረጡ

ሦስት መንገድ አለ፤ ሁለቱን አንድ ላይ ማድረግም ይቻላል።

የመጀመሪያው በመንጠቆ የሚሰቀል ሸራና ማውረጃ ገመድ ነው። የሸራው የፊት ጠርዝ ላይ በየ50 ወይም 60 ሴንቲ ሜትር መንጠቆ ይሰፋል፤ መንጠቆዎቹ የፊት ሽቦው ላይ ይገባሉ። ከሁሉ ርካሹና ብልሽት የማያውቀው ይሄ ነው። ችግሩ ሲወርድ ነው። መስቀያውን ብትለቁት ሸራው ግማሽ መንገድ ወርዶ ይንጠለጠላል፣ ወይም ነፋስ ገብቶበት መልሶ ይወጣል። ያን ጊዜ ወደ አፍንጫው መሄድ ሊኖርባችሁ ነው።

ጆሽዋ ስሎከም ይህን ችግር በደንብ ያውቀዋል። ብቻውን በሸራ ዓለምን ለመጀመሪያ ጊዜ የዞረ ሰው ነው፤ ጉዞው እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ከ1895 እስከ 1898 ነበር። ስፕሬይ የተባለችው ጀልባው ከአፍንጫዋ ወደ ፊት የወጣ ረጅም ግንድ ነበራት። ቦነስ አይረስ ላይ ምሰሶውን በ7 ጫማ፣ ያንን ግንድ ደግሞ በ5 ጫማ ያህል አሳጠረው። እንዲያም ሆኖ ጫፉ ላይ ወጥቶ የፊት ሸራውን ሲቀንስ፣ ምነው አንድ ጫማ ጨምሬ ባሳጠርኩት ብሎ ተቆጭቷል። ለብቻ የሚወጣ ሰው ከጀልባዋ አፍንጫ ጋር ያለው ጉዳይ እስከ ዛሬ ይኸው ነው።

መድኃኒቱ ማውረጃ ገመድ ነው። አሠራሩን በዝርዝር ልንገራችሁ፣ ምክንያቱም በትንሽ ገንዘብ ይህን ያህል የሚያግዝ ነገር ጀልባዋ ላይ የለም። ከ4 እስከ 5 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው ለስላሳ ናይለን ገመድ ያዙ። አንዱን ጫፍ የሸራው ራስ ላይ፣ መስቀያው የሚታሰርበት ቦታ ላይ እሰሩት። ከዚያ በየመንጠቆው ውስጥ ሳይሆን በአንዱ አዎ በአንዱ አይ እያላችሁ ወደ ታች አሳልፉት። በሁሉም ካሳለፋችሁት ይይዛል። ሥሩ ላይ፣ ከአፍንጫው ጋር በታሰረች ትንሽ ፑሊ አዙራችሁ በጀልባዋ ጠርዝ በኩል እስከ መቀመጫችሁ አምጡት። መስቀያውንም እንዲሁ ከምሰሶው ሥር በፑሊ አዙራችሁ ወደ ኋላ አምጡት። አሁን ሁለቱ ገመዶች ጎን ለጎን እጃችሁ ስር ናቸው። አንዱን ትለቃላችሁ፣ አንዱን ትስባላችሁ፤ ሸራው ወርዶ አፍንጫው ላይ ይታጠፋል። ማውረጃውን ቆልፉት፣ ሸራው መልሶ አይወጣም።

የዚህ አሠራር ጉድለቱ መሀል የሌለው መሆኑ ነው። ወይ ሙሉ ተሰቅሏል፣ ወይ ሙሉ ወርዷል። ለትንሽ ጀልባ ግን ይህ ብዙ አይጎዳም።

ሁለተኛው የሚጠቀለል ሸራ ነው። አፍንጫው ላይ ትንሽ ከበሮ ትተከላለች፤ የከበሮዋን ገመድ ስትስቡ ሸራው በራሱ ዙሪያ እንደ ምንጣፍ ይጠቀለላል። ብዙ ሰው ልቡ የሚሄደው ወደዚህ ነው፣ ምክንያትም አለው። ግን ሁለት ዓይነት መሆኑን ሳያውቁ ገዝተው የሚቸገሩ አሉ።

አንደኛው ዓይነት ሸራው የፊት ጠርዝ ውስጥ በተሰፋ ሽቦ ዙሪያ የሚጠቀለል ነው። ለትናንሽ ጀልባዎች የሚሸጠው አብዛኛው ይሄ ነው። ይህ ለመክፈትና ለመዝጋት ብቻ ነው። ግማሹን ጠቅልዬ ግማሹን ልጠቀም ካላችሁ ሽቦው ይጠማዘዛል፤ ከታች ሲጠቀለል ከላይ ይዘገያል፣ የሸራውም ቅርጽ ይበላሻል። ሁለተኛው ዓይነት የፊት ሽቦው ላይ የሚለበስ ጠንካራ የአሉሚኒየም ቧንቧ አለው። ሸራው ቧንቧው ሽንቁር ውስጥ ይገባል፣ ከላይም ከታችም እኩል ይዞራል። በከፊል መጠቅለል የሚቻለው በዚህ ነው። እሱም ቢሆን ወሰን አለው። ከሩብ ወይም ከሲሶ በላይ ከጠቀለላችሁት ሸራው መሀሉ ላይ ከረጢት ይሠራል፣ ጀልባዋን ወደ ፊት ከመሳብ ይልቅ ወደ ጎን ይገፋታል። የፊት ጠርዙ ላይ ቀጭን ስፖንጅ የተሰፋበት ከሆነ ይህ ይቀንሳል።

የከበሮውን ገመድ ስትጭኑ ቁጠሩ። የሸራው የታችኛው ጠርዝ 1.7 ሜትር፣ የጥቅሉ ዙሪያ በአማካይ 12 ሴንቲ ሜትር ከሆነ 14 ዙር ያስፈልገዋል። ሸራው ካለቀ በኋላ መሳቢያ ገመዶቹ ጥቅሉን እንዲያስሩት 3 ዙር ጨምሩ፣ ለመጠባበቂያ 3 ዙር። ስለዚህ ሸራው ሙሉ ተከፍቶ እያለ ከበሮዋ ላይ 20 ዙር መኖር አለበት። ካነሰ ሸራው ሳያልቅ ገመዱ ያልቃል፣ የሚያልቀውም ነፋስ በበረታበት ጊዜ ነው። ገመዱ ከበሮዋ ውስጥ የሚገባበት ማዕዘን ከሽቦው ጋር ቀጥ ያለ 90 ዲግሪ ይሁን። ካልሆነ አንድ ጎን ላይ ይከመርና ይነከሳል። የከበሮዋን ኩሽኔታ በየጊዜው በንጹህ ውሃ እጠቡት። የእኛ ሐይቅ እንደ ባሕር ጨው የለውም፤ ብረቱ ዕድሜ ይኖረዋል፣ አቧራው ግን ይበላዋል።

ሦስተኛው ራሱ የሚዞር ሸራ ነው። አቅጣጫ ስትቀይሩ የፊት ሸራው ማንም ሳይነካው ከአንዱ ጎን ወደ ሌላው ይሻገራል። ከምሰሶው ፊት ለፊት፣ ከግራ ወደ ቀኝ ሐዲድ ይተከላል፤ ሐዲዱ ላይ ተንሸራታች ፑሊ አለ። መሳቢያው አንድ ብቻ ነው። ከሸራው ጥግ ወደ ተንሸራታቹ ይወርዳል፣ ወደ አፍንጫው ይሄዳል፣ ከዚያ ተመልሶ ወደ መቀመጫችሁ ይመጣል። ሐዲዱ ትንሽ ቀስት ቢሆን ይመረጣል፤ ሸራው ሲሻገር ውጥረቱ እንዳይለዋወጥ ነው። ከተማ ውስጥ አይዝጌ ብረት የሚበይድ ጥሩ ባለሙያ ካገኛችሁ ልኩን ሰጥታችሁ ማሠራት ትችላላችሁ።

ይህ ለሐዋሳ ልዩ ጥቅም አለው። ከሰዓት በነፋስ ላይ፣ ማለትም ነፋሱ ወደሚመጣበት አቅጣጫ፣ ስትመለሱ ቀጥታ መሄድ አይቻልም፤ በግራና በቀኝ እየተጠማዘዛችሁ ነው የምትመጡት። ደጋግማችሁ አቅጣጫ ትቀይራላችሁ። በተለመደው አሠራር እያንዳንዱ መዞር አንዱን ገመድ መልቀቅ፣ ሌላውን መሳብ፣ መሪውን መግፋት፣ ጎን መቀየር ነው። በዚህኛው መሪውን ትገፋላችሁ፣ ጎን ትቀይራላችሁ፣ በቃ። ሸራው ከምሰሶው ማለፍ ስለማይችል ከ95 በመቶ በታች መሆኑ ግድ ነው። ነፋሱ ከኋላ ሲመጣ ደግሞ ላይኛው ጫፍ ይከፈትና ነፋሱን ያፈስሰዋል፤ ያን ጊዜ ዋናውን ሸራ ተማምናችሁ ሂዱ።

150 በመቶ የሆነው ትልቅ ተደራራቢ ሸራስ? ረዳት ላለው ሰው ነው። እለፉት።

የእኔ ምክር እንዲህ ነው። ለጀማሪ፣ ገንዘቡም ጠበብ ላለው፣ 85 በመቶ የሆነ ባለ መንጠቆ ሸራ ከማውረጃ ገመድ ጋር። አንድ ዓመት ያህል ከሠራችሁበት በኋላ ራሱ የሚዞረውን ሐዲድ ጨምሩ፤ ያው ሸራ ይሠራል። ከበሮውን መጨረሻ ላይ አምጡት፣ ያውም ቧንቧ ያለውን። ጀልባችሁ ከ6 ሜትር በላይ ከሆነች ብቻ ከበሮው ቀድሞ ይምጣ፤ ሸራው ስለሚከብድ ነው።

ደረጃ 4፦ ገመዱን ሁሉ ወደ እጃችሁ አምጡ

መቀመጫችሁ ላይ ቁጭ በሉና እጃችሁን ዘርጉ። መስቀያ፣ ማውረጃ ወይም የከበሮ ገመድ፣ መሳቢያ፤ ሁሉም በዚያ ክልል ውስጥ ይሁኑ። መቆለፊያዎቹ በአንድ እጅ የሚቆለፉና የሚለቀቁ ይሁኑ። ለየገመዱ የተለያየ ቀለም ስጡት። ስትደነግጡ ቀይ ከሰማያዊ መለየት ይቀላል።

መሳቢያውን ከሸራው ጥግ ጋር በብረት አታያይዙት። ሸራ ሲራገብ ያ ብረት ፊት ይመታል። ገመዱን በማይጠብቅ የሉፕ ቋጠሮ እሰሩት። የመሳቢያው መጨረሻ ላይ ቋጠሮ ይኑረው፣ ከፑሊው እንዳያመልጥ። የከበሮው ገመድም እንዲሁ።

ለመሪው ደግሞ የሚይዝላችሁ ነገር ያስፈልጋል። ከአንዱ የጀልባዋ ጎን እስከ ሌላው የተወጠረ የብስክሌት የውስጥ ጎማ፣ መሪው ላይ አንድ ዙር የተጠመጠመ፣ ለጥቂት ሰከንዶች ቀጥ አድርጎ ይይዘዋል። ለጥቂት ሰከንዶች ብቻ እንጂ ለሻይ አይሆንም።

ደረጃ 5፦ ጨርቅና ስፌት

ለጀልባ ሸራ ተብሎ የተሠራ ፖሊስተር ጨርቅ ከውጭ ነው የሚመጣው። የጭነት መኪና ሸራ ይከብዳል፣ ቅርጽም አይዝም፤ ለልምምድ ካልሆነ አልመክርም። ክሩ ፖሊስተር ይሁን፣ ጥጥ ቶሎ ይበሰብሳል።

ትልቁ ጠላት ፀሐይ ነው። ሐዋሳ ከምድር ወገብ በስተ ሰሜን 7 ዲግሪ ገደማ ላይ ናት፣ ከፍታውም ተጨምሮበት ጨረሩ ይበረታል። የሚጠቀለል ሸራ ከሆነ የኋላና የታችኛው ጠርዝ ላይ መሸፈኛ ጨርቅ አሰፉ፤ ሲጠቀለል ውጭ የሚቀረው እሱ ነው። ባለ መንጠቆው ከሆነ ስትጨርሱ አውርዳችሁ ከረጢት ውስጥ ክተቱት።

ደረጃ 6፦ ክር ለጥፉና አስተካክሉ

የሹራብ ክር 15 ሴንቲ ሜትር ያህል ቁረጡና ከፊት ጠርዙ አንድ ስንዝር ገባ ብሎ፣ ከላይ፣ ከመሀልና ከታች በሁለቱም ገጽ ለጥፉ። በነፋስ ላይ ስትሄዱ የሁለቱም ገጽ ክሮች ወደ ኋላ ቀጥ ብለው መፍሰስ አለባቸው። ነፋሱ በሚመጣበት ገጽ ያለው ክር ከተራገበ መሳቢያውን ሳቡ። በተቃራኒው ገጽ ያለው ከተራገበ ልቀቁት። ነፋሱ በሚመጣበት ገጽ ከላይ ያለው ክር ከታችኛው ቀድሞ ከተራገበ የመሳቢያውን ፑሊ ወደ ፊት አምጡት፤ የታችኛው ከቀደመ ወደ ኋላ። ራሱ የሚዞር ሸራ ላይ ይህን የምታደርጉት ጥጉ ላይ ባሉት ተደራራቢ ቀዳዳዎች ነው። ወደ ላይኛው ቀዳዳ ስትሄዱ የኋላ ጠርዙ ይጠብቃል። ወደ ታችኛው ስትወርዱ ላይኛው ክፍል ይከፈታል፤ ነፋስ ሲበዛ የሚፈለገው ይሄ ነው።

ደረጃ 7፦ መሬት ላይ፣ ከዚያ ውሃ ላይ ሞክሩ

መጀመሪያ ነፋስ በሌለበት፣ ጀልባዋ ዳር ታስራ፣ ዓይናችሁን ጨፍናችሁ ሸራውን አውጡና አውርዱ። እጃችሁ ገመዱን ሳይፈልግ እስኪያገኘው ድረስ ደጋግሙት።

ከዚያ በለስላሳ ጠዋት ውጡ። ላይፍ ጃኬት ለብሳችሁ፣ ተቀምጣችሁበት ሳይሆን ለብሳችሁ። ብቻውን የወጣ ሰው ከወደቀ ጀልባዋ አትጠብቀውም። ስልካችሁ ውሃ በማያስገባ ከረጢት ውስጥ አንገታችሁ ላይ ይሁን፣ ስንት ሰዓት እንደምትመለሱም ዳር ላለ ሰው ንገሩ። ከደንገል ዳርቻው ራቁ፣ በተለይ ማለዳና ምሽት፤ ጉማሬ አለ። አሳ አጥማጆች መረባቸውን ማታ ጥለው ጠዋት ነው የሚያነሱት። ስለዚህ ማለዳ ስትወጡ ተንሳፋፊ ምልክቶችን እያያችሁ ሂዱ፤ የመሪያችሁ ምላጭ መረብ ከያዘ የእናንተም የእነሱም ቀን ተበላሸ።

ውሃው ላይ ሦስት ነገር ሞክሩ። የፊት ሸራውን ዘግታችሁ በዋናው ብቻ ሂዱ፤ ጀልባዋ ወደ ነፋሱ መዞር ትፈልጋለች፣ ምን ያህል እንደምትታገላችሁ እዩ። ቀጥሎ ዋናውን አውርዳችሁ በፊት ሸራው ብቻ ሂዱ፤ አፍንጫዋ ከነፋሱ ይሸሻል፣ በነፋስ ላይ መውጣትም ይከብዳታል። ከሰዓት ነፋስ ሲመጣ የትኛውን ሸራ አስቀርታችሁ ወደ ቤት እንደምትመጡ የምታውቁት በዚህ ነው።

ሦስተኛው ጀልባዋን ማቆም ነው። ለብቻ ሰው ከዚህ የሚበልጥ ችሎታ የለም። በነፋስ ላይ እየሄዳችሁ አቅጣጫ ቀይሩ፣ ግን የፊት ሸራውን መሳቢያ አትልቀቁት። ሸራው ነፋሱን በተቃራኒ ገጹ ይይዛል። ዋናውን ሸራ አላሉት፣ መሪውን ነፋሱ ወደሚሄድበት ጎን ገፍታችሁ እሰሩት። ጀልባዋ ትረጋጋለች፣ በዝግታ ወደ ጎን ትንሳፈፋለች። ሁለቱም እጃችሁ ነፃ ሆነ። ውሃ መጠጣት፣ የተያዘ ገመድ ማላቀቅ፣ ዋናውን ሸራ መቀነስ ትችላላችሁ።

ራሱ የሚዞር ሸራ የመረጣችሁ እዚህ ላይ አንድ ነገር አስቡ። ያ ሸራ አቅጣጫ ስትቀይሩ አብሮ ስለሚሻገር ነፋሱን በተቃራኒ ገጹ አይዝም። ስለዚህ ተንሸራታቹን በግራም በቀኝም መያዝ የምትችሉባቸው ሁለት አጫጭር ገመዶች ከተንሸራታቹ እስከ መቀመጫችሁ አምጡ። መቆም ስትፈልጉ ከመዞራችሁ በፊት ተንሸራታቹ ባለበት ጎን ያለውን ገመድ ቆልፉት። ተንሸራታቹ እዚያው ይቀራል፣ ጀልባዋም ትቆማለች። ገመዶቹን ሐዲዱ በሚተከልበት ቀን አብራችሁ አሠሩ፤ በኋላ ለብቻው ለማምጣት መሳቢያውን ሁሉ እንደገና መፍታት ይጠይቃል።